ለሰማይ ፎቶ የሚሆኑ የጀማሪ ሪፍራክተር ቴሌስኮፖች በየዋጋ ደረጃቸው፦ ከሀዋሳ ሰማይ አንጻር

ሪፍራክተር ብርሃንን በሌንስ የሚሰበስብ የቴሌስኮፕ ዓይነት ነው። ከፊቱ ሌንስ አለው፤ ከኋላው ደግሞ ዓይን ወይም ካሜራ ይገባበታል። ለጀማሪ የሰማይ ፎቶ አንሺ ብዙ ጊዜ የሚመከረው እሱ ነው። ሌንሶቹ ከፋብሪካ ተስተካክለው ስለሚመጡ በየምሽቱ መነካካት አያስፈልግም። ቱቦው ዝግ ነው፤ አቧራ እንደልቡ አይገባም። ትንሹን ሪፍራክተር ደግሞ በጀርባ ቦርሳ ይዞ በባጃጅ ከከተማ ወጣ ማለት ይቻላል።

ይህ ዳሰሳ የተጠናቀረው በሀዋሳና በአካባቢዋ ላሉ ጀማሪዎች ነው። በአማርኛ እነዚህን ቴሌስኮፖች የሚያወዳድር ጽሑፍ እንደልብ አይገኝም። የውጭዎቹ ማነጻጸሪያዎች ደግሞ በአብዛኛው አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ላለ ሰው የተጻፉ ናቸው። ሀዋሳ በ7 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ናት። ይህ ልዩነት የሚገዛውን ዕቃ ጭምር ይወስናል።

ታሪክ በአጭሩ

ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1609 ወደ ሰማይ ያነጣጠረው ቴሌስኮፕ ሪፍራክተር ነበር። ነጠላ ሌንስ ግን ቀዩንና ሰማያዊውን ብርሃን አንድ ቦታ ላይ አያሳርፍም። ስለዚህ በደማቅ ኮከብ ዙሪያ ሐምራዊ ጥላ ይቀራል። እንግሊዛዊው ጆን ዶሎንድ በ1758 ሁለት ዓይነት ብርጭቆ ላጣመረ ሌንስ የፈጠራ መብት አገኘ። አክሮማት የሚባለው ይህ ነው። በዛሬዎቹ ርካሽ ቴሌስኮፖች ላይ የምናየውም እሱኑ ነው።

አሜሪካዊው ሐኪም ሄንሪ ድሬፐር ሴፕቴምበር 30 ቀን 1880 በኦሪዮን የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ያለውን የጋዝና የአቧራ ደመና፣ የኦሪዮንን ኔቡላ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በፎቶ አስቀረ። ሪፍራክተሩ 28 ሳንቲ ሜትር ስፋት ነበረው። ብርሃኑን ለመሰብሰብ 51 ደቂቃ ፈጅቶበታል። ዛሬ በ7 ሳንቲ ሜትር ሌንስና በአሮጌ ዲጂታል ካሜራ ከዚያ የተሻለ ምስል በጥቂት ደቂቃዎች ይገኛል። በ1897 አሜሪካ ውስጥ የርክስ በሚባለው ኦብዘርቫቶሪ 102 ሳንቲ ሜትር ሌንስ ያለው ቴሌስኮፕ ተተከለ። ከዚያ ወዲህ ትልልቆቹ ሁሉ ወደ መስታወት ዞሩ። በእኛው እንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ያሉት ሁለቱ ባለ1 ሜትር ቴሌስኮፖችም ባለመስታወት ናቸው።

የሀዋሳ ሰማይ

ሀዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች የሰሜኑንም የደቡቡንም ሰማይ ትጠግባለች። የኦሪዮን ኔቡላ በጥር ወር ምሽት 4 ሰዓት ገደማ 78 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ፣ ከአናት ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ይታያል። አንድሮሜዳ ጋላክሲም ከአድማስ 56 ዲግሪ ትወጣለች። በየካቲት ደግሞ ከሌሊቱ 9 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ኦሜጋ ሴንታውሪ የሚባለው ግዙፍ የከዋክብት ክምችት በደቡብ በኩል 35 ዲግሪ ላይ ይደርሳል። ለንደን ያለ ሰው ይህንን ክምችት ከአገሩ ሆኖ በሕይወት ዘመኑ አያየውም። እዚህ በአንድ ሌሊት የሰሜኑንም የደቡቡንም ሰማይ ፎቶ ማንሳት ይቻላል። ይህ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ሊነገርለት ይገባል።

በአንድሮሜዳ የከዋክብት ስብስብ ውስጥ የኢትዮጵያ ስም ያለው ኮከብም አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው ዓለም አቀፍ ስያሜ ኢትዮጵያ ኮከቡን «ቡና»፣ በዙሪያው የሚዞረውን ፕላኔት ደግሞ «አቦል» ብላዋለች። ቡና በዓይን አይታይም። ከዚህ በታች የተጠቀሰው ማንኛውም ቴሌስኮፕ ግን ያሳየዋል። አቦልን ማየት አይቻልም።

ከወቅቶች የሚመረጠው በጋ ነው፤ ከኅዳር እስከ የካቲት። በክረምት የፍኖተ ሐሊብ መሐል ምሽቱን ሙሉ ከላይ ቢሆንም ደመናው አያሳይም። ሐይቁ በከተማው ምዕራብ በኩል ነው። ስለዚህ ሐይቁ ዳር ቆሞ ወደ ምዕራብ የሚያነሳ ሰው የከተማው መብራት ከኋላው ይሆንለታል። የደቡብን ሰማይ ለሚፈልግ ግን በዲላ መንገድ ከከተማው መውጣት ይሻላል። ሐይቁ አንድ ጣጣ አለው፤ ጤዛ። እኩለ ሌሊት ሳይሞላ የፊት ሌንሱ ላይ ላበት የመሰለ ሽፋን ይወርድና ከዋክብቱ አንድ በአንድ እየደበዘዙ ይጠፋሉ። በጨርቅ መጥረግ ሌንሱን ይጭረዋል። መፍትሔው በፓወር ባንክ የሚሠራ የሚሞቅ ቀበቶ ሌንሱ አጠገብ መጠቅለል ነው።

ከሁሉ በፊት፦ ማውንቱ

ማውንት ቴሌስኮፑን ተሸክሞ የሚያዞረው ክፍል ነው። ብዙ ጀማሪ ግን ብሩን ሁሉ ቴሌስኮፑ ላይ ይጨርሳል። ይህ የተገላቢጦሽ ነው። ሰማይ በየሰከንዱ 15 የቅስት ሰከንድ (አንዱ የዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ነው) ይዞራል። በ420 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርቀት (ከሌንሱ ምስሉ እስከሚያርፍበት ቦታ ያለው ርቀት) እና በተለመደ ካሜራ አንድ ኮከብ በአንድ ሰከንድ ከ7 ፒክሰል በላይ ይሸሻል። ስለዚህ ከሰማዩ ጋር የሚዞር ኢኳቶሪያል ማውንት ከሌለ የትኛውም ሌንስ ከጨረቃና ከደማቅ ፕላኔቶች አያልፍም። ለትንንሾቹ ሪፍራክተሮች ስካይ ዋቸር ስታር አድቬንቸረር ይበቃል፤ የሚሸከመው እስከ 5 ኪሎ ነው። ከዚያ በላይ ለሆነው ኤችኢኪው5 የሚባለው የዚያው ድርጅት ማውንት የተለመደ ነው።

ለሀዋሳ ሰው ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። ማውንቱ በሰሜን ኮከብ አቅጣጫ መስተካከል አለበት። እዚህ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ 7 ዲግሪ ብቻ ነው የሚወጣው። የጎረቤት ፎቅ ወይም አንድ ዛፍ ይጋርደዋል። ኮከቡን ሳያዩ ማስተካከል ይቻላል፤ ኒና የሚባለው ነጻ ሶፍትዌር ሦስት የሰማይ ክፍሎችን ፎቶ አንስቶ ማውንቱ ስንት እንደሳተ ይናገራል። የማይታለፈው ሌላ ነው። አንዳንድ ማውንት እስከ 7 ዲግሪ ድረስ ዝቅ አይልም። ከመግዛት በፊት የሚቀበለውን ዝቅተኛ ኬክሮስ ማየት ግድ ነው። አክሰሉ ወደ መሬት ስለሚተኛም ሚዛን መጠበቂያው ክብደት ከትራይፖዱ እግር ጋር ሊጋጭ ይችላል።

የዋጋ ደረጃዎች

ዋጋዎቹ የውጭ መደብሮች ግምታዊ ዋጋ ናቸው። ማጓጓዣና ቀረጥ አልተጨመረም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ ማሻሻያ ወዲህ የባንኩ ምንዛሬ ከእጥፍ በላይ ስለጨመረ በብር ማስላቱ ለገዢው ቀን ቢተው ይሻላል።

ከ150 ዶላር በታች ያሉት አክሮማቶች ናቸው። ሴለስትሮን ትራቭል ስኮፕ 70 ምሳሌ ነው፤ 70 ሚሊ ሜትር ስፋትና 400 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርቀት አለው። ለጨረቃ ጥሩ ነው። የጁፒተርን አራት ጨረቃዎችም ያሳያል። ለረጅም ፎቶ ግን አይሆንም። ደማቅ ኮከብ ሁሉ ሐምራዊ ይሆናል፤ አብሮት የሚመጣው ትራይፖድም ይንቀጠቀጣል።

ከ300 እስከ 600 ዶላር ያለው እውነተኛው መነሻ ነው። እዚህ ላይ ኢዲ የሚባለው ልዩ ብርጭቆ ይመጣል። ይህ ብርጭቆ ቀለማትን እምብዛም ስለማይበታትን ሐምራዊው ጥላ በጣም ይቀንሳል። ስካይ ዋቸር ኢቮስታር 72ኢዲ፣ ስፋቱ 72፣ የትኩረት ርቀቱ 420 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 5.8 (የትኩረት ርቀቱ ለስፋቱ ሲካፈል)፣ የዚህ ደረጃ ታዋቂ ነው። ስቭቦኒ ኤስቪ503 ባለ70 ሚሊ ሜትሩም 420 ሚሊ ሜትር ነው፤ ዋጋው ግን ያንሳል። በተለመደ ካሜራ ሁለቱም 3 በ2 ዲግሪ ያህል የሰማይ ክፍል ይሸፍናሉ። አንድሮሜዳ ከነክንፎቿ ትገባለች። ሰባቱ ከዋክብትም ከነጉማቸው ይገባሉ።

የሁለቱም ጉድለት አንድ ነው። የፎቶው ማዕዘን ላይ ያሉ ከዋክብት ይጎተታሉ። ይህን የሚያቃና ፍላተነር የሚባል ተጨማሪ ሌንስ መግዛት ያስፈልጋል። ሻጮች የሚያሳዩት ዋጋ ግን ብዙ ጊዜ ያለ እሱ ነው። በተረፈ ለሀዋሳ ከዚህ ደረጃ የተሻለ የለም። ክብደታቸው 2 ኪሎ ገደማ ስለሆነ ትንሹ ማውንት ይችላቸዋል። አጭር ቱቦም እዚህ ልዩ ጥቅም አለው። ኦሪዮን ወደ አናት ሲወጣ የረጅም ቱቦ ጀርባ ከነካሜራው ወርዶ የትራይፖዱን እግር ይመታል። አጫጭሮቹ ያመልጣሉ።

ከ700 እስከ 1,000 ዶላር ሁለት መንገድ አለ። ዊሊያም ኦፕቲክስ ሬድካት 51 እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ነው። ስፋቱ 51፣ የትኩረት ርቀቱ 250 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 4.9። አራት ሌንሶች ስላሉት ፍላተነር አይፈልግም። ካሜራ ገጥሞ ማንሳት ብቻ ነው። ሰፊ ኔቡላ ለሚወድ ሰው አቻ የለውም፤ ትናንሽ ጋላክሲዎች ግን ነጥብ ሆነው ይቀራሉ። ሌላው ኢቮስታር 80ኢዲ ነው፤ 600 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 7.5። ኤፍፒኤል53 የሚባለው የጃፓኑ ኦሃራ ብርጭቆ አለው። ምስሉ ንጹህ ነው፤ ብርሃን ለመሰብሰብ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። የትኩረት ርቀትን የሚያሳጥር 0.85 መቀነሻ ሌንስ ሲገባበት 510 ሚሊ ሜትር ይሆናል።

ከ2,000 ዶላር በላይ እንደ ስካይ ዋቸር ኤስፕሪት 100 ያሉ ባለሦስት ሌንሶች አሉ። ከዚያም በላይ የጃፓኑ ታካሃሺ ኤፍኤስኪው106 አለ። ጀማሪን አይመለከቱም።

ባለሦስት ሌንስ ከባለሁለት ይሻላል ወይ የሚለው አከራካሪ ነው። አንዳንዶች ልዩነቱ በፎቶ ላይ በግልጽ ይታያል ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ጥሩ ብርጭቆ ያለው ባለሁለት ሌንስ ደካማ ባለሦስቱን ይበልጣል ባይ ናቸው፤ ምናልባት ሁለቱም እንደ ሥራው ጥራት ልክ ሊሆኑ ይችላሉ።

ካሜራው

አዲስ ካሜራ መግዛት አያስፈልግም። የሠርግ ፎቶ አንሺዎች የተጠቀሙበት ያገለገለ ካኖን ወይም ኒኮን፣ ካሜራውን ከቴሌስኮፑ ጋር ከሚያገናኘው ከቲ ሪንግ አስማሚ ጋር ይበቃል። የተለመደ ካሜራ ግን ኔቡላዎች የሚያወጡትን የ656 ናኖሜትር ቀይ ብርሃን አብዛኛውን ያግዳል። ስለዚህ በኦሪዮን ኔቡላና በሰባቱ ከዋክብት መጀመር ያዋጣል፤ ሁለቱም ሰማያዊና ነጭ ብርሃን አላቸው። ፎቶዎቹን የሚደራርበው ሲሪል የሚባለው ሶፍትዌር በነጻ ይገኛል። ፀሐይን ለማንሳት ደግሞ ከፊት ሌንሱ ላይ የሚታሰር ለዚሁ የተሠራ የፀሐይ ፊልም የግድ ነው። ያለ እሱ ካሜራው ይቃጠላል፤ ዓይንም ይጠፋል።