የነዳጅ ትነት ብክለትና መከላከያው በአዲስ አበባ ዙሪያ

የአሰብ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1997 ሥራ ካቆመ ወዲህ ኢትዮጵያ የምትገዛው ተጣርቶ ያለቀ ነዳጅ ነው። አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ በኩል በቦቴ ተጭኖ ይገባል። በመሆኑም ከዱከምና ገላን እስከ ቃሊቲ ባለው መስመር የነዳጅ ሥራ አየርን የሚበክለው በማጣሪያ ጭስ ሳይሆን በማከማቸት፣ በማጓጓዝና በማራገፍ ነው። ጥቁር ጭስ የሚተፋ አይሱዙ ሁሉንም ያስቆጣል፤ ከቤንዚን ጋን የሚወጣው ትነት ግን ስለማይታይ ከሳሽ የለውም። በውስጡ ያለው ቤንዚን የተባለ ኬሚካል (ከነዳጁ ጋር የስም ተመሳሳይነት ቢኖረውም ራሱን የቻለ ነገር ነው) የደም ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ነው። የቀረው ትነት ደግሞ ከተሽከርካሪ ከሚወጣ ናይትሮጅን ኦክሳይድ ጋር በፀሐይ ብርሃን ሲዋሃድ ሳንባን የሚጎዳ ኦዞን ይፈጥራል።

ትልቅ ብክነት ያለው ማራገፊያው ላይ ነው። ቦቴው ማደያ ደርሶ ቱቦው ከመሬት ውስጥ ጋኑ አፍ ጋር ሲገጠምና ቤንዚኑ መውረድ ሲጀምር፣ በጋኑ ውስጥ የነበረው ትነት የግድ ቦታ ይለቃል። መውጫው አጥር ጥግ የቆመው ቀጭን የመተንፈሻ ቧንቧ ነው፤ በፀሐያማ ቀን ከጫፉ በላይ አየሩ ሲርገበገብ ይታያል። የአሜሪካ አካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ የስሌት መመሪያ እንደሚለው፣ ነዳጁ ከላይ እየተረጨ ከወረደ በሊትር 1,380 ሚሊግራም ያህል ትነት ይወጣል። የመሙያው ቧንቧ እስከ ጋኑ ወለል አቅራቢያ ከወረደ መጠኑ ወደ 880 ይቀንሳል። ሁለተኛ ቱቦ ተገጥሞ ትነቱ ወደ ባዶው ቦቴ ሲመለስ ግን 40 ብቻ ይቀራል። ለ40 ሺህ ሊትር ጭነት ሲሰላ ልዩነቱ በ55 ኪሎና በ1.6 ኪሎ መካከል ነው። ያ ሁሉ በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ነዳጅ መሆኑን ላስታወሰ ሰው የአንድ ቱቦ ወጪ ብዙ የሚያከራክር አይደለም። አውሮፓ ይህንን አሠራር በ1994 በወጣ መመሪያ ግዴታ አድርጋዋለች። አንድ ሁኔታ ግን አለ፦ ቦቴው ይዞት የተመለሰው ትነት ዴፖ ላይ የሚቀበለው መሣሪያ ካላገኘ ብክለቱ ቦታ ቀየረ እንጂ አልቀነሰም።

ከመሬት በላይ የቆሙ ትልልቅ ጋኖች ሳይነኩም ይተነፍሳሉ። ቀን ሲሞቁ ትነት ያስወጣሉ፤ ሌሊት ሲቀዘቅዙ አየር ይስባሉ። በኅዳርና በታኅሣሥ የአዲስ አበባ ቀንና ሌሊት ሙቀት በሰፊው ስለሚለያይ ይህ ብክነት ይበረታል። ከተማዋና ዙሪያዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ በመሆናቸው የአየሩ ግፊትም ዝቅተኛ ነው፤ ይህም ብክነቱን ያባብሳል። መፍትሔው ጋኑን ነጭ ቀለም መቀባት፣ በነዳጁ ላይ የሚንሳፈፍ ውስጣዊ ክዳን ማድረግና ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ብቻ የሚከፈት ቫልቭ መግጠም ነው።

ናፍጣ ብዙም አይተንም፤ የእሱ ጉዳት ሞተር ሳያጠፉ ተራ በሚጠብቁ ቦቴዎች ጭስ ላይ ነው። ይህ የተራ አያያዝ ጉዳይ እንጂ የቴክኖሎጂ አይደለም።

በቀጂው እጅ ያለውን የነዳጅ መቅጃ ጠመንጃ (ኖዝል) ከመኪናው ጋን የሚወጣውን ትነት መልሶ እንዲስብ ማድረግ ሌላው ዘዴ ነው። አሜሪካ አዳዲስ መኪኖች ትነቱን ራሳቸው ስለሚያስቀሩ ይህን ዘዴ የመጠቀም ግዴታውን ከ2012 ጀምሮ አላልታለች። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ግን ትነቱን የሚያስቀር መሣሪያ የሌላቸው አሮጌ መኪኖች ገና ብዙ ናቸው፤ በየማደያው ቀኑን ሙሉ ከጋኖቻቸው አፍ አጠገብ የሚቆመውም ቀጂው ነው።