«እኔስ የክርስቶስ ነኝ» የሚለው አራተኛው ቡድን

ወገኖች፣ ስለ ቤተ እምነቶች መከፋፈል ወሬ ሲነሳ አንድ ሰው አይጠፋም። «እኔ የየትኛውም አይደለሁም፣ እኔ የኢየሱስ ብቻ ነኝ» ይላል። ሲሰሙት ደስ ይላል፣ ክርክሩንም ባንዴ ይዘጋዋል። ይህን ሰው ግን ጳውሎስ ያውቀዋል።

1ኛ ቆሮንቶስ 1ን አንብቡት። ከቀሎዔ ቤት ሰዎች ወሬ ደርሶታል፤ ምእመኑ ተቧድኗል። «እኔ የጳውሎስ ነኝ»፣ «እኔስ የአጵሎስ ነኝ»፣ «እኔ ግን የኬፋ ነኝ»፣ «እኔስ የክርስቶስ ነኝ»። አጵሎስ በቆሮንቶስ ያስተማረ ሌላ ሰባኪ ነው፣ ኬፋ ደግሞ ጴጥሮስ ነው። አራተኛው ጳውሎስ ስለ ራሱ የተናገረው ነው የሚሉ መምህራን አሉ። እኔ ግን ከሦስቱ ጋር በአንድ ትንፋሽ ተደርድሮ ሳየው አንድ ተጨማሪ ቡድን ሆኖ ነው የሚታየኝ። የክርስቶስን ስም ሌላውን ዝቅ ለማድረግ ከተጠቀምንበት እሱም ታፔላ ይሆናል። «ቤተ እምነት የለንም» የሚሉ ጉባኤዎችም ሲውል ሲያድር የራሳቸው አለባበስ፣ የራሳቸው አጸላለይ፣ የራሳቸው «እነዚያ» ይኖራቸዋል።

ደግሞ ጳውሎስ ማንን ቀድሞ እንደሚገሥጽ ተመልከቱ። የአጵሎስን ደጋፊዎች አይደለም፤ የራሱን ነው። «ጳውሎስስ ስለ እናንተ ተሰቀለን?» ይላል። በዚያው ደብዳቤ መጨረሻ፣ ምዕራፍ 16 ቁጥር 12 ላይ፣ ብዙዎቻችን ሰላምታ ነው ብለን የምናልፈው ነገር አለ፤ አጵሎስ ወደ ቆሮንቶስ እንዲሄድ እጅግ አድርጎ ለምኖታል። እስቲ አስቡት፣ ሕዝቡ «ተፎካካሪህ» የሚለውን ሰው፣ ደጋፊዎቹ ወዳሉበት ከተማ፣ ሂድልኝ እያለ ይለምናል! አጵሎስ ነው ለጊዜው አልሄድም ያለው። መሪዎቹ መሐል ፉክክር አልነበረም፤ ፉክክሩ ያለው ተከታዮቹ ጋ ነው። ዛሬም ብዙ ጊዜ እንደዚያው ነው፣ ሁልጊዜ ባይሆንም።

«በቃ ትምህርቱን ትተን እንዋደድ» ማለቴ ግን አይደለም። ልዩነቱ ከባድ የሆነበት ቦታ አለ። በ1529 እ.ኤ.አ. የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መሪዎቹ ማርቲን ሉተርና ኡልሪክ ዝዊንግሊ ማርቡርግ በሚባል የጀርመን ከተማ ተገናኙ። ሉተር ጠረጴዛው ላይ በጠመኔ «ይህ ሥጋዬ ነው» ብሎ በላቲን ጻፈና ከዚያ ንቅንቅ አልል አለ። ዝዊንግሊ ደግሞ ቃሉ ምሳሌያዊ ነው አለ። ከ15 ነጥቦች በ14ቱ ተስማሙ፣ የቀረው ስለ ጌታ እራት ነበር፤ በእሱም ውስጥ ቢሆን የተስማሙበት ይበልጣል። ያልተስማሙት ክርስቶስ በሥጋውና በደሙ በኅብስቱና በወይኑ አለ ወይ በሚለው ነው። በዚህች በአንዷ ሉተር የወንድማማችነት እጅ ሳይሰጥ ተለያዩ። ጥያቄውን ቀላል ነው አልልም፤ ጌታ ራሱ የተናገረው ቃል ነው። የሚያመኝ ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ትውልድ ነው፤ 14ቱን ረስቶ አንዷን ብቻ ወረሰ። እኛም ስለ ሌላው ቤተ ክርስቲያን የምናውቀው ብዙ ጊዜ ያቺኑ አንዷን ነው። ያውም ከሰው አፍ የሰማናትን!

ጌታ በዮሐንስ 17 የጸለየው አንድነት ደግሞ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ዓይነት አይደለም። ብዙ ሆነን እንድንፈራ አልጸለየም። «ዓለም አንተ እንደ ላክኸኝ ያምን ዘንድ» ነው ያለው። እንግዲህ የማያምነው ጎረቤታችን፣ ሁለት አማኞች በስልካቸው ሲሰዳደቡ ቁጭ ብሎ የሚያነበው ሰው፣ በዚህ ጸሎት ውስጥ አለበት ማለት ነው። ይህን ካሰብኩ ወዲህ «መናፍቅ» የሚለውን ቃል ሰው ላይ ከመለጠፌ በፊት እጄ ይዘገያል።

አንድነት በአንድ ጀንበር አይመጣም። የሮም (ካቶሊክ) እና የቁስጥንጥንያ (ኦርቶዶክስ) አብያተ ክርስቲያናት በ1054 እ.ኤ.አ. የተወጋገዙት ውግዘት የተነሳው በ1965 እ.ኤ.አ. ነው፣ ከ911 ዓመት በኋላ! ውግዘቱ ተነስቶም ሁለቱ እስከ ዛሬ ከአንድ ጽዋ አይጠጡም። በ1999 እ.ኤ.አ. ደግሞ ካቶሊኮችና የሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ስለ ጽድቅ ትምህርት የጋራ መግለጫ ፈረሙ፤ አንዳንዱ ተደሰተ፣ አንዳንዱ «እምነታችንን ሸጡት» አለ። ሁለቱንም ወገን እረዳለሁ። እውነትን አድበስብሶ የሚፈረም ወረቀት አይጠቅመንም፣ ገላትያ 1 አሁንም መጽሐፍ ቅዱሳችን ውስጥ አለ፤ ሌላ ወንጌል ሲመጣ ዝም አይባልም። ግን ስለ ምግብና ስለ ቀን የሚነሳ ክርክር (ሮሜ 14) ሌላ ወንጌል አይደለም። እዚያ ላይ ጳውሎስ «አንተ በሌላው ሎሌ የምትፈርድ ማን ነህ?» ብሎ ነው የሚያፋጥጠን። ችግራችን ሮሜ 14 የሆነውን ሁሉ ገላትያ 1 ማድረጋችን ነው፤ ከበሮውን፣ ነጠላውን፣ በልሳን መጸለዩን፣ ጾሙን።

ታዲያ ምን እናድርግ? እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። የሌላውን ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ስታስረዱ፣ የዚያ ቤተ ክርስቲያን ሰው አጠገባችሁ ቁጭ ብሎ «አዎ፣ እኛ የምናምነው ይህንን ነው» እስኪል ድረስ በትክክል አስረዱት። ከዚያ አልስማማም ካላችሁ አትስማሙ፣ ምክንያታችሁንም ከቃሉ አሳዩ። ብዙዎቻችን ይህን ፈተና አናልፍም። በተለይ መድረክ ላይ የምንቆም፣ ሕዝቡን ለማሳቅ ስንል የሌላውን ጸሎት አስመስለን የምናሰማ ሰዎች፣ ለሚቀጥለው እሁድ ስብከታችን ስንዘጋጅ ያቺን ቀልድ እናውጣት።