የዳታቤዝ ግንኙነት ሴቲንግ

አንድ ፕሮግራም ከዳታቤዝ ጋር ከመነጋገሩ በፊት ጥቂት ነገሮችን ማወቅ አለበት። ሰርቨሩ የት ነው? በየትኛው ፖርት (የኔትወርክ በር ቁጥር) ይገኛል? በማን ስም ይገባል? ፓስወርዱስ? እነዚህን ተቀብሎ ግንኙነቱን የሚከፍተውም የሚዘጋውም ላይብረሪው፣ ማለትም ፕሮግራሙ የሚጠቀምበት ዝግጁ የኮድ ስብስብ ነው። ሴቲንግ ግን በአድራሻና በፓስወርድ አያልቅም። ስንት ግንኙነት ይከፈት፣ መልስ እስከ መቼ ይጠበቅ፣ የቆየው መቼ ይጣል የሚሉትም እዚሁ ውስጥ ናቸው። ብዙ ጊዜ ጉድ የሚፈላው በእነዚህ በኋለኞቹ ነው። ምክንያቱም ፕሮግራመሩ ሳይነካቸው ያልፋል፤ ላይብረሪው ደግሞ በራሱ ቁጥር ይሞላቸዋል።

ድሮ እያንዳንዱ ዳታቤዝ የሚጠራበት የየራሱ መንገድ ነበረው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጣው ኦዲቢሲ የሚባል የጋራ መገናኛ ነገሩን ወደ አንድ መልክ ለማምጣት ሞከረ። በኦዲቢሲ ሴቲንጉ ኮምፒውተሩ ላይ በአንድ ስም ይቀመጣል፣ ፕሮግራሙ ስሙን ብቻ ይጠራል። በ1997 ከጃቫ ቋንቋ 1.1 ጋር የመጣው መሰሉ ጄዲቢሲ ደግሞ አድራሻውን እንደ ድረ ገጽ ሊንክ በአንድ መስመር መጻፍን አስለመደ። ዛሬ አብዛኞቹ ላይብረሪዎች ይህን የአንድ መስመር አጻጻፍ ይቀበላሉ።

አጻጻፉ ምቹ ነው፤ ወጥመድም አለው። በመስመሩ ውስጥ የተጠቃሚውን ስምና ፓስወርድ ከሰርቨሩ የሚለየው የ«@» ምልክት ነው። ፓስወርዱ ራሱ ውስጥ «@» ካለ ላይብረሪው ግራ ይጋባል። መፍትሔው ምልክቱን «%40» ብሎ መጻፍ ነው፤ ይህን የማያውቅ ሰው ትክክለኛ ፓስወርድ ይዞ ግማሽ ቀን ይደክማል። ፖርት ካልተጻፈ ላይብረሪው ለዳታቤዙ የተለመደውን ይወስዳል፦ ለፖስትግሬስ 5432፣ ለማይኤስኪውኤል 3306፣ ለኦራክል 1521። ሌላም አለ። በዩኒክስ ኮምፒውተር ላይ የማይኤስኪውኤል ዋናው ላይብረሪ «ሎካልሆስት» ሲባል በኔትወርክ አይሄድም፤ በሶኬት ፋይል፣ ማለትም እዚያው ኮምፒውተር ላይ ፕሮግራሞች በሚነጋገሩበት ልዩ ፋይል ነው የሚገናኘው። 127.0.0.1 ሲባል ግን በኔትወርክ ይሄዳል። ሁለቱም «ይኸው ኮምፒውተር» ማለት ስለሆኑ ለሰው አንድ ናቸው፤ ለላይብረሪው አይደሉም።

ሴቲንጉ የት ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ ደግሞ ለብቻው ነው። ኮድ ውስጥ መጻፍ ቀላሉ ነው፤ መጥፎውም እሱ ነው። አንዴ የኮድ ለውጦችን ታሪክ በሚይዘው ጊት ውስጥ የገባ ፓስወርድ ቢሰረዝም ከታሪኩ አይጠፋም። ከዚህ የሚሻለው ፕሮግራሙ ለሚሠራበት ለእያንዳንዱ ሁኔታ የተለየ ሴቲንግ በፋይል መያዝ ወይም ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ተለዋዋጮች (ከኮዱ ውጭ በስም ከሚቀመጡ ዋጋዎች) ማንበብ ነው። ለምሳሌ የድረ ገጽ መሥሪያው ሬይልስ በአንድ ፋይል ውስጥ ለልማት፣ ለሙከራና ለእውነተኛው አገልግሎት ሦስት የተለያዩ ክፍሎች አሉት። ሴቲንጉ ከብዙ ቦታ ሊመጣ ሲችል ደግሞ ማን ይቀድማል የሚለው በግልጽ መታወቅ አለበት። በፖስትግሬስ ላይብረሪ በኮዱ የተነገረው ይቀድማል፣ ቀጥሎ የሲስተሙ ተለዋዋጭ ይመጣል፣ መጨረሻ ላይ ላይብረሪው የራሱን ግምት ይወስዳል። ፓስወርዱ በልዩ ፋይል ሊቀመጥም ይችላል፤ በዩኒክስ ላይ ይህን ፋይል ከባለቤቱ ሌላ ሰው ማንበብ ከቻለ ላይብረሪው ማስጠንቀቂያ ጽፎ ፋይሉን ይተወዋል። ጥሩ ጥንቃቄ ነው።

አሁን ወደ ፑል፣ ማለትም ወደ ግንኙነት ማከማቻው። አንድ ግንኙነት መክፈት ርካሽ አይደለም። ኔትወርኩ ሰላምታ ይለዋወጣል፣ ምስጠራው ይዘጋጃል፣ ፓስወርዱ ይጣራል። ፖስትግሬስ ከዚህም አልፎ ለእያንዳንዱ ግንኙነት አዲስ ፕሮሰስ (ራሱን ችሎ የሚሠራ የፕሮግራም ቅጂ) ያስነሳል። ስለዚህ ላይብረሪዎች የተከፈቱትን ሳይዘጉ ያስቀምጡና ለሚቀጥለው ጠያቂ ያውሳሉ። ይህ ማከማቻ ነው ፑል የሚባለው። የፓይተን ቋንቋ ላይብረሪ የሆነው ኤስኪውኤልአልኬሚ ካልተነገረው 5 ግንኙነቶችን ይይዛል፣ ሲጨናነቅ 10 ይጨምራል፤ ሁሉም ከተያዙ ጠያቂውን 30 ሰከንድ አስጠብቆ ኤረር ይሰጣል። የጃቫው የፑል ላይብረሪ ሂካሪ ካልተነገረው 10 ላይ ይቆማል። የጎ ቋንቋ መደበኛ ላይብረሪ ግን ካልተነገረው ጭራሽ ገደብ የለውም።

ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ሲባዛ ግን ሌላ ነው። ፑሉ የሚገኘው በእያንዳንዱ ፕሮሰስ ውስጥ ነው። አንድ አገልግሎት በ8 ፕሮሰሶች ቢሠራና እያንዳንዱ እስከ 15 ግንኙነት ቢከፍት 120 ይሆናል። ፖስትግሬስ ደግሞ ካልተቀየረ የሚቀበለው 100 ነው፤ ከእሱም 3ቱ ለአስተዳዳሪ የተያዙ ናቸው። ማንም ስህተት አልሠራም፣ ሁሉም ዲፎልቱን (ሳይነካ የሚሠራውን ቁጥር) ነው የተጠቀመው፤ ሆኖም ሰው ሲበዛ አገልግሎቱ በር ይዘጋበታል። ብዙዎች ያኔ የፑሉንም የዳታቤዙንም ቁጥር ከፍ ያደርጋሉ። በእኔ እይታ ይህ ብዙ ጊዜ ችግሩን ማዘግየት ነው። ዳታቤዙ ያለው ፕሮሰሰርና ዲስክ የተወሰነ ስለሆነ ከልክ ያለፈ ግንኙነት ሥራውን ያዘገየዋል እንጂ አያፈጥነውም። ፕሮሰሶቹ በጣም ሲበዙ እንደ ፒጂባውንሰር ያለ የጋራ አስተናጋጅ መሀል ላይ ማስቀመጥ ይሻላል። የፓይተኑ የድረ ገጽ መሥሪያ ጃንጎ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ፑል አልነበረውም፤ ለፖስትግሬስ የመጣለት በ2024 በወጣው 5.1 ነው።

ሌላው ጣጣ ጊዜ ነው። ማይኤስኪውኤል ካልተቀየረ ለ28,800 ሰከንድ፣ ማለትም ለ8 ሰዓት ሥራ የፈታን ግንኙነት ይዘጋል። ፑሉ ይህን አያውቅም። ሌሊቱን ማንም ሳይነካው ያደረ ግንኙነት ጠዋት ለመጀመሪያው ጠያቂ ይሰጥና «ሰርቨሩ ሄዷል» የሚል ኤረር ይመጣል። ፕሮግራመሩ እስኪያየው ድረስ ነገሩ ራሱን ያስተካክላል፤ በነጋታው ይደገማል። መከላከያው ሁለት ነው። አንደኛው ግንኙነቱን ሰርቨሩ ሳይቀድም በራስ ጊዜ መጣል ነው። ሌላው ከማዋስ በፊት በሕይወት መኖሩን በትንሽ ጥያቄ መፈተሽ ነው፤ ይህ ትንሽ ጊዜ ይወስዳል፣ ግን ያዋጣል። ግንኙነቱ በሚከፈትበት ጊዜም ገደብ ያስፈልጋል። የፖስትግሬስ ላይብረሪ ካልተነገረው በራሱ በኩል ያለ ገደብ ይጠብቃል።

ስለ ምስጠራ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ይኸው የፖስትግሬስ ላይብረሪ ካልተነገረው ምስጠራን «ይመርጣል» እንጂ አያስገድድም። ሰርቨሩ ምስጠራ ከሌለው ምንም ሳይናገር ያለ ምስጠራ ይገናኛል። የሰርቨሩን ማንነት እንዲያጣራ የሚፈልግ ሰው ጥብቁን አማራጭ ራሱ መጻፍ አለበት። የፊደል ሴቲንግም እንዲሁ ያታልላል። በማይኤስኪውኤል ዩቲኤፍ8 ተብሎ የቆየው የፊደል አቀማመጥ ለአንድ ፊደል 3 ባይት ብቻ ነው የሚሰጠው። የግዕዝ ፊደላት በ3 ባይት ስለሚበቃቸው ሁሉም ደህና ይመስላል፤ 4 ባይት የሚፈልግ ኢሞጂ ሲመጣ ነው ጉዱ የሚታየው።

ፓስወርድ ሲቀየር የሚሆነው ደግሞ አስቂኝ ነው። ዳታቤዙ ፓስወርድ የሚጠይቀው ግንኙነቱ ሲከፈት ብቻ ነው። ስለዚህ ዳታቤዙ ላይ ተቀይሮ ሴቲንጉ ላይ ቢረሳ ፑል ውስጥ ያሉት ግንኙነቶች ምንም ሳይመስላቸው ይሠራሉ። የሂካሪ ፑል ካልተነገረው አንድን ግንኙነት 30 ደቂቃ ያህል ነው የሚያቆየው። ፓስወርዱን የቀየረው ሰው ሎጉን (የክንውን መዝገቡን) አይቶ፣ ሰላም ነው ብሎ ከወጣ በኋላ አሮጌዎቹ አንድ በአንድ ይጣላሉ፤ የሚተካቸው ግን አይከፈትም።