የጋላክሲው ንጉሠ ነገሥት ገንዘብ አልዩ አምባ ገበያ ቢወጣ

ደብረ ብርሃን ላይ ሳይንሳዊ ልብወለድ የሚሞክሩ ልጆች ረቂቃቸውን ያስነብቡኛል። መርከቡም ሮቦቱም ደህና ነው። የምሰናከለው ሒሳብ ሲከፈል ነው። ጀግናው «500 ክሬዲት» ይላል፣ ሻጩ ዝም ብሎ ይቀበላል፣ አለቀ። እንዲህ ዓይነት ሻጭ ማን አይቶ ያውቃል? ገበያ ላይ ገንዘብ ይገለበጣል፣ ብርሃን ላይ ይታያል፣ «ሌላ የለህም?» ይባልበታል። የፈጠራ ኢምፓየርም ገንዘቡ የሚታመነው እንዲህ የሚያገላብጠው ሰው ሲኖር ነው። ቶሎ ቶሎ የማያቸውን ስህተቶች ላንሳ። ለምሳሌም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ብዙው ከአንኮበር ቁልቁል ይገኛል።

«አንድ ኢምፓየር ካለ አንድ ገንዘብ አለ»

ከሁሉም የሚብሰው ይሄ ነው። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከ1813 እስከ 1847 እ.ኤ.አ. ሸዋን ሲገዙ በስማቸው የተመታ ገንዘብ አልነበራቸውም። ከአንኮበር ሥር ያለችው አልዩ አምባ ግን ከሐረርና ከታጁራ ቅፍለት የሚገባባት ትልቅ ገበያ ነበረች። ለትልቁ ግዢ ጠገራ ብር ይወጣል፤ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ትሬዛ መልክ ያለበት። ለትንሹ ደግሞ ከአፋር ምድር በግመል የሚወጣው አሞሌ ጨው አለ። አንዱ ገንዘብ የሩቅ አገር ንግሥት፣ ሌላው የቆላ ጨው። ገዢው ንጉሥ በሁለቱም ላይ የሉም።

አሞሌን ትንሽ ቀረብ ብለን እንየው። ተጠርቦ ጡብ የመሰለ ጨው ነው። ከጨው ሜዳው በራቀ ቁጥር ይወደዳል፤ ስለዚህ አንድ ጠገራ ቆላ ላይ ብዙ አሞሌ፣ ደጋ ላይ ጥቂት አሞሌ ይመነዝራል። ነጋዴው ሌላ ሸቀጥ ሳይዝ፣ ገንዘቡን ራሱን ዳገት በማስወጣት ብቻ ያተርፋል። ጠርዙ ከተሸረፈ ዋጋው ይወርዳል። ዝናብ ካገኘው ይሟሟል፤ ክረምት የገንዘብ ጠላት ነው ማለት ነው። የባሰ ቀን ከመጣም ወጥ ውስጥ ይገባል። በኋላ ዘመን ደግሞ የጠመንጃ ጥይት እንደ ዝርዝር ገንዘብ ሲሠራበት ነበር። ሲቸግር የሚበላና ሲከፋ የሚተኮስ ገንዘብ! ከዚህ በላይ ለደራሲ ምን ይምጣለት?

ይህንን ወደ ሕዋ እናውጣው። አየር በሌለበት ጨረቃ ላይ ያሉ ማዕድን ቆፋሪዎች በታሸገ የኦክስጅን ጣሳ ይገበያያሉ እንበል። ቫልቩ የላላ ጣሳ በግማሽ ዋጋ ነው። ሀብታም ማለት ለዓመት የሚተነፍሰውን ያስቀመጠ ነው። ዋሻው ሲደረመስ ግን ሰው ጥሪቱን እየተነፈሰ ይደኸያል። የኢምፓየሩ ክሬዲት እዚያ የሚደርሰው ቀረጥ ሰብሳቢው መርከብ ሲመጣ ብቻ ነው።

«ንጉሠ ነገሥቱ ካወጀ ሕዝቡ ይቀበላል»

አፄ ምኒልክ ፓሪስ ያስመቱት ብር 1887 ዓ.ም. የሚል ተጽፎበታል። በክብደቱም በጥራቱም ከጠገራው ጋር የሚስተካከል ነበር። የንጉሡ መልክ አለበት፣ በጀርባው አንበሳ። ገጠሩ ግን ጠገራውን አልለቀቀም። ዓድዋ ላይ ጣሊያንን ያሸነፉ ንጉሥ የሞተች የኦስትሪያ ንግሥትን ከገበያ ማስወጣት አልቻሉም።

የጠገራው ነገር ይገርማል። ማሪያ ትሬዛ ያረፈችው በ1780 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በኋላ የተመታው ሁሉ ይህንኑ ዓመት እንደያዘ ቀረ። ሌላ ዓመት ቢጻፍበት ማን ይወስደዋል? ተቀባዩ ሳንቲሙ ላይ የተቀረጸውን የጌጧን ዕንቁ እየቆጠረ ነበር የሚቀበለው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሮምም ለንደንም ቦምቤይም ያንኑ 1780 መትተዋል። ሐምሌ 1937 ዓ.ም. ከጦርነቱ በኋላ የወጣው አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ወረቀት ይዞ ሲመጣ እንኳ የ50 ሳንቲሙ ከብር ማዕድን የተሠራ ነበር። የለመደውን ሰው እንዲህ ነው የሚያባብሉት።

ኢምፓየራችሁ ገንዘቡን በግድ ማስለመድ ከፈለገ ከአዋጅ የሚሻል ዘዴ አለው፦ ግብር በዚያው ገንዘብ ብቻ መቀበል። ቅኝ ገዢዎች በምሥራቅ አፍሪካ የጎጆ ግብር ጥለው ገበሬውን ሳንቲም ፍለጋ ወደ እርሻቸው ያስገቡት በዚህ ነው። ጭካኔ ነው፣ ግን ይሠራል። ሴራ ለሚፈልግ ደራሲም ጥሩ ቦታ ነው።

«ወርቅ የትም ቢሆን ወርቅ ነው»

አሉሚኒየምን ጠይቁ። በ1884 እ.ኤ.አ. አሜሪካኖች የዋሽንግተን ሐውልትን ጫፍ በአሉሚኒየም ሲደፍኑት ውድ ማዕድን ነበር። በ1886 በኤሌክትሪክ በርካሽ የሚያወጡበት ዘዴ ተገኘ፤ ዛሬ ድስት ነው። አስትሮይድ፣ ማለትም ፀሐይን የሚዞር የሕዋ አለት የሚቆፍር ሥልጣኔ ወርቁም ላይ ይህንኑ ሊያደርስ ይችላል። በወርቅ ሳንቲም ከጸናችሁ ለምን እንዳልረከሰ አንድ ዓረፍተ ነገር ጣል አድርጉ።

«ወደፊት ሁሉም ዲጂታል ነው፣ ምን ይነደፋል?»

መናኸሪያ ሄዳችሁ «ኔትወርክ የለም፣ ካሽ ካለህ ግባ» ሲባል ሰምታችኋል። ሕዋ ላይ ግን ኔትወርክ ሳይቋረጥም ችግር አለ። ብርሃን ከምድር ማርስ ለመድረስ እንደ ርቀቱ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። ለፀሐይ ቅርብ የሆነችው ኮከብ ፕሮክሲማ ደግሞ 4.24 የብርሃን ዓመት ትርቃለች፤ ብርሃን ራሱ እዚያ ለመድረስ ከአራት ዓመት በላይ ይፈጅበታል። አንድ ሒሳብ ለሁለት የተካፈሉ ወንድማማቾችን አስቡ። አንዱ እዚህ፣ ሌላው ፕሮክሲማ ዘንድ ሆነው በአንድ ቀን ያንኑ ገንዘብ ቢያወጡት ማጭበርበሩ የሚታወቀው ከአራት ዓመት በኋላ ነው።

ልብ በሉ፣ ከብርሃን የሚዘገይ መርከብ ይዞ ብቻውን የሚጓዝ ሰው ይህንን ማድረግ አይችልም፤ ወሬው ቀድሞት ይደርሳል። መርከቡ ከብርሃን የሚፈጥን ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሒሳቡን የያዘችው የፖስታ መርከብ እስክትገባ ባንኩ ምንም አያውቅም። ያኔ የፖስታ መርከቧ ካፒቴን ከአገረ ገዢው በላይ ይፈራል።

ብድርም የራሱ ጣጣ አለው። ከብርሃን ፍጥነት ጥቂት ብቻ ዝቅ ብሎ ለሚበር ነጋዴ ሦስት ዓመት ሲቆጠር መሬት ላይ ብዙ ዓመት ሊያልፍ ይችላል። ወለዱ በማን ሰዓት ይሰላ? ኢኮኖሚስቱ ፖል ክሩግማን በ1978 እ.ኤ.አ. ይህንኑ በግማሽ ቀልድ አስልቶ በፕላኔቶቹ ሰዓት ነው ብሏል። ተበዳሪው ካልተስማማስ? በሉ ጻፉት።

«ዲዛይኑ ለጌጥ ነው»

አክሱሞች እንዲያ አላሰቡም። የወርቅ ሳንቲማቸው ጽሑፍ በአብዛኛው ግሪክኛ ነበር፤ ከውጭ ነጋዴ ጋር ይነጋገርበታል። የአገር ውስጡ መዳብና ብር ላይ ግዕዝ እየበዛ ሄደ። ኢዛና ክርስትናን ሲቀበል ጨረቃውና ፀሐዩ ወርዶ መስቀል ገባ። የሃይማኖት ለውጡ ኪስ ውስጥ ገብቶ ተነበበ ማለት ነው። የእናንተ ሳንቲም ላይ የተፋቀው የማን ፊት ነው?

«ሒሳቡ በአሥር በአሥር ካልሄደ አንባቢ ይደናገራል»

እንግሊዞች እስከ 1971 እ.ኤ.አ. 12 ፔኒ በሽልንግ፣ 20 ሽልንግ በፓውንድ እያሉ ኢምፓየር ገዝተዋል። አንባቢም ይለምዳል።

«ዋጋው ምንም ቢሆን ግድ የለም፣ ፈጠራ ነው»

ግድ አለው። መጀመሪያ የቀን ሠራተኛ ውሎ ስንት እንደሆነ ወስኑ። ከዚያ ላይ ስንቱ ለውሃ፣ ስንቱ ለምግብ እንደሚሄድ አስሉ። ሌላው ዋጋ ሁሉ ከዚህ ይነሣል። ይህንን ያላደረገ አንድ ረቂቅ አንብቤያለሁ። ጀግናው መሸታ ቤት ለአንድ ብርጭቆ 50 ክሬዲት ይከፍላል። ሁለት ገጽ አለፍ ብሎ የጦር መርከብ በ300 ክሬዲት ይገዛል። ያን ማታ ስድስት ጓደኞቹን ባይጋብዝ ኖሮ ሁለተኛ መርከብ ይጨምር ነበር።