«ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ»፦ ምሳሌው፣ መነሻውና የጥንት ነጋዴዎች የኪስ መጽሐፍ

ሰርዶ ገበሬን ከሚያስመርሩ አረሞች አንዱ ነው። ሥሩ መሬት ለመሬት እየተሳበ በየአንጓው ይተከላል፤ ማረሻ ቆራርጦት ሲያልፍም ቁራጩ መልሶ ይበቅላል። ማሳውን ከሰርዶ ለማጥራት በበጋ ደጋግሞ ማረስ፣ ሥሩን እየገለበጡ ለፀሐይ መስጠት ያስፈልጋል። ለዚህ ሥራ የሚጠመድ በሬ ጉልበቱ ብቻ አይበቃውም። ተዳፋቱን፣ ድንጋያሙን ጥግ፣ ውሃ የሚያቁረውን ቦታ የለመደ በሬ ፈር ሳይለቅ ይሄዳል። ከሌላ ቀዬ ትናንት የመጣው ግን ጉልበተኛ ቢሆንም ይደናበራል፤ አራሹንም ያደክማል። «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር የበቀለው ከዚህ ማሳ ነው።

ትርጉሙም የአንድን ቦታ ችግር የሚፈታው ቦታውን የሚያውቅ ሰው ነው ማለት ነው። ባልና ሚስት ሲጣሉ ከሩቅ መካሪ ከማምጣት ይልቅ ቤተሰቡን የሚያውቁ የሠፈር ሽማግሌዎች ይጠሩ የሚል ሰው ይህን ምሳሌ ያነሳል። እህል ሊሸምት ወደማያውቀው ገበያ የወረደ ነጋዴ የገበያውን ጠባይ የሚያውቅ ደላላ ሲይዝም እንዲሁ ይባልለታል።

አንዳንዶች ግን ምሳሌውን መጤን ለማራቅ ይጠቅሱታል። ይህ አጠቃቀም ያሳዝነኛል፤ ከመነሻውም ጋር አይሄድም። በሬ ከገበያ ይገዛል። የትም ይወለድ የት፣ ማሳውን ከርሞ ሲያርሰው ያገሩ በሬ ይሆናል። ምሳሌው የሚያከብረው ከቦታው ጋር በሥራ የተገኘውን ዕውቀት ነው። ለዚህ አተረጓጎም ጥሩ ምስክር የሚሆነኝ የመጀመሪያዎቹ የነጋዴና የእንግዳ መሪ መጻሕፍት ታሪክ ነው።

ከእኛው አካባቢ ብንጀምር፣ በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈ «የኤርትራ ባሕር ፔሪፕለስ» የሚባል የነጋዴ መሪ አለ፤ «የኤርትራ ባሕር» ግሪኮች ቀይ ባሕርንና የሕንድ ውቅያኖስን የሚጠሩበት ስም ነበር። ጸሐፊው ስሙ ያልታወቀ የግብፅ ነጋዴ ነው። ወደ ጥንታዊው የቀይ ባሕር ወደብ ወደ አዱሊስ የሚመጣ መርከበኛ መልሕቁን የት እንደሚጥል ሲያስረዳ፣ መርከቦች ቀድሞ ከባሕረ ሰላጤው ጥግ ባለችው በዲዮዶሮስ ደሴት ይቆሙ እንደነበር፣ ነገር ግን ከየብስ በእግር ስለሚደረስባት ጥቃት እንደደረሰባቸው፣ አሁን ራቅ ባለችው በኦሬይኔ ደሴት እንደሚቆሙ ይናገራል። ከአዱሊስ እስከ ቆሎኤ ከተማ የ3 ቀን መንገድ፣ ከዚያ እስከ አክሱም ሌላ 5 ቀን ይለዋል። ገዢው ዞስካሌስ ለገንዘብ የሚሳሳ፣ በሌላው ነገር ግን ቀና ሰው እንደሆነና የግሪክኛ ጽሑፍ እንደሚያውቅ ሳይቀር መዝግቧል። ይህ ሁሉ በወደቡ ካልተመላለሱ፣ ወይም ከተመላለሰ ሰው አፍ ካልሰሙ አይገኝም። ጸሐፊው የአዱሊስ ተወላጅ አልነበረም፤ ስለ አዱሊስ ግን የሚታመን ነገር ጽፏል።

ከሁሉ በላይ የሚማርከኝ ግን የለንደኑ ጆን ቴይለር ነው። በግሎስተር ተወልዶ ለንደን የገባ፣ በቴምዝ ወንዝ ሰው እያሻገረ የኖረ ጀልባ ቀዛፊ ነበር፤ ግጥምም ይጽፋል። በዚያ ዘመን ከገጠር ከተሞች ዕቃና ደብዳቤ የሚያመላልሱ አጋሰስ ነጂዎች በለንደን የየራሳቸው ማደሪያ ቤት ነበራቸው፤ ማን የት እንደሚያድርና በየትኛው ቀን እንደሚገባ ለማያውቅ ሰው ግን ዕቃ መላክ ጭንቅ ነው። ቴይለር ከማደሪያ ቤት ወደ ማደሪያ ቤት እየዞረ ጠየቀ። ብዙዎቹ ፊት ነሱት፤ ግብር ሊያስጥልብን የመጣ ነው ብለው የጠረጠሩትም ነበሩ። እሱ ግን ሥራውን አልተወም፤ እ.ኤ.አ. በ1637 የሰበሰበውን በትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። የሴንት ኦልባንስ አጋሰስ ነጂዎች ዓርብ ዓርብ በኦልደርስጌት መንገድ የጣዎስ ምልክት ካለበት ማደሪያ ይመጣሉ፤ መጽሐፉ እንዲህ እያለ ከተሞቹን በፊደል ተራ ይዘረዝራል። አንድ እናት ለልጇ ስንቅ ልትልክ ብትፈልግ፣ የትኛውን በር በየትኛው ቀን እንደምታንኳኳ ከዚያ ታገኘዋለች። ግሎስተር የተወለደው ሰው በቀዘፋውና በጥያቄው የለንደን በሬ ሆነ ብል አላጋነንሁም።

ከ40 ዓመት በኋላ፣ በ1677፣ ሳሙኤል ሊ የተባለ መጽሐፍ ሻጭ የለንደን ነጋዴዎችን ስምና መኖሪያ የያዘች የኪስ መጽሐፍ አወጣ። ከተማዋ ከ11 ዓመት በፊት በታላቁ ቃጠሎ ወድማ እንደገና ተሠርታ ስለነበር፣ እንዲህ ያለ ዝርዝር ምን ያህል ተፈላጊ እንደነበር መገመት አያስቸግርም። ሊ ስሞቹን በፊደል ተራ ደረደረ፤ በመጨረሻም የሰው ገንዘብ ተቀብለው የሚያንቀሳቅሱ 44 ወርቅ ሠሪዎችን ለይቶ ጻፈ። እነዚህ የዛሬው የእንግሊዝ ባንክ ሥራ ቀዳሚዎች ናቸው። የሊ ሱቅ የነበረው በሎምባርድ መንገድ፣ ከወርቅ ሠሪዎቹ ሠፈር መካከል ነው። ዝርዝሩን ለመሥራት ከእሱ የተሻለ ቦታ ላይ የቆመ ሰው ማግኘት ያዳግት ነበር።

ሆኖም መጽሐፏ ስሙንና መንገዱን ነው የምትሰጠው። የቤት ቁጥር በለንደን የተለመደው በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለሆነ፣ ከገጠር የመጣው ነጋዴ መንገዱ ድረስ በመጽሐፏ ይደርስና ከዚያ ወዲያ ያለውን ደጃፍ ላይ የቆመውን ሰው ይጠይቃል። አዲስ አበባ ውስጥ «ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ» እየተባለ ቤት የፈለገ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።