«ከመቶው ይህን ያህል ይገድላል» ሲባል ከየትኛው መቶ?

ጅማ ላይ ቡና ተፈልቶ የአዲስ በሽታ ወሬ ከተነሳ፣ አቦሉ ሳያልቅ አንዱ ስልኩን አውጥቶ «ከመቶው ይህን ያህል ይገድላል!» ይላል። ቤቱ ጭጭ። እኔ ደግሞ «ከየትኛው መቶ?» ብዬ ወሬውን አበላሻለሁ።

ቁጥሩ የሚገኘው የሞቱትን በምርመራ ለተረጋገጡት በማካፈል ነው። ወረርሽኝ ሲጀምር ግን ሐኪም ቤት የሚደርሰው በአብዛኛው የጠናበት ሰው ነው። ዳማከሴ ጠጥቶ፣ ጋቢ ተከናንቦ የዳነውን ማን ቆጠረው? ጋራዥ የገቡትን ባጃጆች ብቻ አይቶ «የጅማ ባጃጅ ሁሉ ብልሽት ነው» እንደማለት ነው። ኮቪድን አስታውሱ። በየካቲት 2012 ዓ.ም. መጨረሻ የዓለም ጤና ድርጅት 3.4 በመቶ የሚል ቁጥር ጠቀሰ። ቀለል ብሎ ያለፈላቸው ሰዎች ሲታሰቡ ግምቱ ወደ 1 በመቶና ከዚያ በታች ወረደ።

ታዲያ የመጀመሪያው ቁጥር ሁሌ የተጋነነ ነው? ኧረ አይደለም። ዛሬ አልጋ ላይ ያለው ታማሚ ነገ ሊሞት ይችላል፤ ስሌቱ ግን ከሞቱት ጋር አልደመረውም። ሳርስ የተባለው የመተንፈሻ አካል በሽታ በ1995 ዓ.ም. ሲነሳ 4 በመቶ አካባቢ ይገድላል ተባለ። በመጨረሻ ከ8,096 ታማሚዎች 774ቱ ሞቱ፤ ወደ 10 በመቶ ማለት ነው።

መቶኛው ብቻውንም አይበቃም። ኢቦላ የያዘውን ሰው የመግደል ዕድሉ ከኮቪድ እጅግ ይበልጣል። የሚተላለፈው ግን በታማሚው ደምና ፈሳሽ ንክኪ ነው። ኮቪድ በትንፋሽ፣ ያውም ምንም ካላመመው ሰው ጭምር ይተላለፋል። ለዚህ ነው በቁጥር ብዙ ሰው የጨረሰው።