የስዊችና የራውተር ተከላ በደሴና በኮምቦልቻ

ከቻይና የመጣ አዳፕተር ወይም ስዊች ገልብጣችሁ ብታዩ፣ ጀርባው ላይ ከተለጠፈው ጽሑፍ መሃል አንዲት የተራራ ሥዕል ልታገኙ ትችላላችሁ። አጠገቧ 2000 የሚል ቁጥር አለ። አብዛኛው ሰው ልብ አይላትም። ዕቃው ለደህንነት የተፈተሸው ከባሕር ወለል በላይ እስከ 2,000 ሜትር ላሉ ቦታዎች ነው ማለቷ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደሴ ደግሞ ጦሳ ተራራን ተደግፋ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጣለች። ስለዚህ ያ የ2,000 ሜትር መስመር የሚያልፈው ሀረጎ ዳገት ላይ፣ ሚኒባሱ ሲወጣ ጆሮ ድፍን በሚልበት አካባቢ ነው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ግን ያንኑ ስዊች ደሴ ላይ መትከልና ታች ኮምቦልቻ መትከል አንድ ሥራ አይደለም።

መጀመሪያ ሁለቱን ዕቃዎች እንለይ። ስዊች በአንድ ግቢ ውስጥ ያሉትን ኮምፒውተሮች፣ ፕሪንተሮችና ካሜራዎች እርስ በርስ ያገናኛል። እያንዳንዱ ዕቃ የማክ አድራሻ የሚባል መለያ አለው፤ ስዊቹ የትኛው መለያ በየትኛው ፖርት፣ ማለትም የኬብል መሰኪያ ቀዳዳ፣ እንዳለ ይመዘግብና መልእክቱን ለባለቤቱ ብቻ ያደርሳል። ራውተር ግቢውን ከውጭው ዓለም ያገናኛል፤ አይፒ አድራሻ በሚባለው፣ ዕቃዎች በኔትወርክ ላይ በሚታወቁበት ቁጥር ነው የሚሠራው። ስዊች የሰፈር ባጃጅ ቢሆን ራውተር መናኸሪያው ነው። ቤታችን የምናስቀምጣት ባለ አንቴና ሳጥን ሁለቱም ናት፤ ዋይፋዩንም ጨምራ ትሠራለች። ለዚያ ነው ብዙ ሰው ልዩነቱን የማያውቀው።

ላይና ታች

ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት የባሕር ወለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። አየሩ ስስ ነው። ስስ አየር ሁለት ነገር ያመጣል። አንደኛ፣ ማራገቢያው ያንኑ ያህል እየዞረ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ሁለተኛ፣ በኤሌክትሪክ ክፍሎች መካከል ያለው ባዶ ቦታ የመከላከል አቅሙ ይቀንሳል። የዓለም አቀፉ ስታንዳርድ 3,000 ሜትር ላይ ለሚሠራ ዕቃ ይህ ክፍተት 14 በመቶ እንዲሰፋ የሚጠይቀው ለዚህ ነው።

ደሴ ላይ ስዊች ይፈነዳል እያልኩ አይደለም። ከተማው ሙሉ ስዊች ነው፣ እየሠራም ነው። ብርዱ ራሱ ያግዛል። ችግሩ የሚመጣው ያቺን ትንሽ ትርፍ አቅም እኛው ስንጨርሳት ነው። ስዊቹን ቁምሳጥን ውስጥ ቆልፈን፣ ከላዩ ፋይል ደርድረን፣ ከጎኑ ማሞቂያ ስንሰካ ማለት ነው። ለባንክ፣ ለክሊኒክ ወይም ለትምህርት ቤት የሚገዛ ሰው ማኑዋሉ ላይ ከፍታ የሚለውን መስመር ያንብብ። 3,000 ወይም 5,000 ሜትር የሚል ዕቃ ገበያ ላይ አለ።

ኮምቦልቻ ጠላቷ ሌላ ነው፦ ሙቀት፣ አቧራና ብናኝ። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው አለ፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክም አለ። ክርና ጨርቅ ባለበት አዳራሽ ብናኝ ይበራል፤ የስዊቹ ማራገቢያ ይስበዋል፤ በጥቂት ወራት ውስጥ እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍነዋል። እንዲህ ያለ ቦታ ማራገቢያ የሌለው ስዊች ይሻላል፤ በራሱ የብረት ገላ ነው የሚቀዘቅዘው። ባለ ማራገቢያ ከሆነ ደግሞ በየጊዜው ነቅሎ ማጽዳት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ መንገዱ ራሱ የሚያመጣው። ደሴ መጋዘን ውስጥ ያደረ ስዊች በማለዳ፣ በጉሙ መሃል ሀረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ሞቃት ቢሮ ውስጥ ይገባል። ካርቶኑ ወዲያው ሲከፈት የቀዘቀዘው ብረት ላይ ጤዛ ይይዛል። ከቅዝቃዜ ወደ ሙቀት የገባ መነጽር እንደሚያላበው ማለት ነው። ውሃና 220 ቮልት አይዋደዱም። ካርቶኑን ሳይከፍቱ ሁለት ሦስት ሰዓት ማቆየት በቂ ነው። ባለቤቱ «ምን ትጠብቃለህ? ሰካው እንጂ!» ይላል። ቡና ማዘዝ ነው።

መብራት

ሁለቱም ከተማ ላይ ዕቃ የሚገድለው በብዛት መብራት ሲጠፋ ሳይሆን ሲመለስ ነው። መብራት ሲመጣ የሰፈሩ ፍሪጅ፣ ወፍጮና ምጣድ አብሮ ይነሳል፤ ቮልቴጁ ይዋዥቃል። ትልልቅ ሞተር ባለበት አካባቢ ሞተሩ በተነሳ ቁጥርም ይወርዳል። ስለዚህ ስዊችና ራውተር በቀጥታ ግድግዳ ላይ አይሰኩ። መጀመሪያ ቮልቴጁን የሚያረጋጋ፣ መብራት ሲመለስ ጥቂት ቆይቶ የሚለቅ ስታብላይዘር፣ ከዚያ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚይዘው ዩፒኤስ፣ ከዚያ ዕቃው። ዩፒኤስ ባትሪው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ነው ዕድሜው። ከዚያ በኋላ ሳጥን ብቻ ነው፤ መብራቷ ብትበራም አትመኗት። የቤት ራውተር ግን ከ10 እስከ 15 ዋት ቢወስድ ነው። ለእሱ በ12 ቮልት የሚሠራ ትንሽ ባትሪ ይበቃዋል።

ካሜራ ካለ ሒሳብ ይኑር። በኔትወርክ ኬብሉ ኤሌክትሪክ የሚልክ ስዊች፣ ፒኦኢ የሚባለው፣ በመጀመሪያው ስታንዳርድ በአንድ ፖርት እስከ 15.4 ዋት ይሰጣል። ስምንት ፖርት ስላለው ግን ስምንቱንም ይችላል ማለት አይደለም። ድምር አቅሙ ማኑዋሉ ላይ ተጽፏል። ቀን ጤነኛ የነበሩ ካሜራዎች ሲመሽ የሌሊት መብራታቸውን አብርተው ከሞቱ ጥፋቱ የሒሳቡ ነው።

ኧርዝ የሚባለው፣ ያፈተለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ፣ የተረሳ ነው። ሶኬቱ ላይ የኧርዝ ብረት ይታያል፤ ከግድግዳው ጀርባ ግን ምንም አልታሰረበትም። ምልክቱን እጅ ያውቀዋል፦ የብረት ካቢኔቱን በእጅ ጀርባ ሲነኩት ነዘር ያደርጋል። እንዲህ ከሆነ ተከላው ይቁም። የኤሌክትሪክ ባለሙያ መጥቶ መሬት የተቀበረ ዘንግ ያስገባና ይለካው። ከውሃ ቧንቧ ጋር ማሰር የድሮ ነው፤ አሁን ብዙው ቧንቧ ፕላስቲክ ነው። የኧርዝ ሽቦ ሲተከል መጀመሪያ የሚታሰር፣ ሲነቀልም መጨረሻ የሚፈታ ነው።

መብረቅስ? ክረምት ላይ ደጋው መብረቅ አያጣም። ከአንድ ሕንፃ ወደ ሌላው የመዳብ ኔትወርክ ኬብል በአየር ላይ መወጠር መብረቁን ግባ ብሎ በር መክፈት ነው። መብረቁ አጠገብ ብቻ ቢወድቅ እንኳ በሁለቱም በኩል ያሉትን ስዊቾች ሊወስድ ይችላል። በሕንፃ መካከል ፋይበር ይዘርጋ፤ መልእክቱን በቀጭን መስታወት ውስጥ በሌዘር ብርሃን የሚልክ ኬብል ነው፤ መስታወት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ታዲያ የፋይበሩን ጫፍ አቅንቶ «ብርሃን ይመጣል?» ብሎ በዓይን ማየት የለም። ሌዘሩ አይታይም፤ ዓይን ግን ይጎዳል።

ግድግዳና ኬብል

ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ካቢኔት ባዶውን ቀላል ነው። ስዊችና ዩፒኤስ ሲገባበት ሌላ ነገር ይሆናል። ብሎኬት ላይ በደንብ የገባ ፊሸርና ቡሎን ይይዘዋል። ጭቃ ቤት ላይ ፊሸር አይታመንም፤ ማገሩን ፈልጎ ጣውላ መምታት፣ ከዚያ ጣውላው ላይ መስቀል ነው። ከባዱ ዩፒኤስ ከታች ይሁን፤ መሬት ላይ ቢሆን ደግሞ የበለጠ። የቆርቆሮ ጣሪያ የሚያፈስበት ጥግ ሥር ካቢኔት አይሰቀልም። በጋ ላይ የሚተክል ሰው ይህን ይረሳዋል፤ ኮርኒሱ ላይ ያለውን ቡናማ የውሃ ክብ አይታችሁ ሽሹት።

ኬብል ስትገዙ ምላጭ ያዙ። ካት ስድስት (የኔትወርክ ኬብል ደረጃ ነው) ተብሎ በርካሽ ከሚሸጠው መሃል ውስጡ አሉሚኒየም ሆኖ ከላይ መዳብ የተቀባ አለ። ከአንዱ ክር ጫፍ ላይ ፍቁት። ነጭ ካለ አሉሚኒየም ነው። እሱ ቶሎ ይሰበራል፤ ፒኦኢ ሲጫነው ይሞቃል። ሻጩ ቅር ሊለው ይችላል። ይበለው።

ርዝመቱ ከ100 ሜትር አይለፍ። ከመብራት ሽቦ ጋር በአንድ ካናል አይሂድ፤ መሻገር ካለበት በቀጤ ማዕዘን ይሻገር። የማገናኛው የቀለም ተራ በብዛት ይህ ነው፦ ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡኒ፣ ቡኒ። ሁለቱም ጫፍ ላይ አንድ ይሁን። ጠመዝማዛውን ክር ከአንድ ሳንቲ ሜትር ብዙ አትፍቱት።

ሁሉም መብራት አብሮ ሲንቦገቦግ

ቢሮው በሙሉ ቆመ፤ የስዊቹ መብራቶች በአንድነት እንደ ሰርግ ቤት ብልጭ ድርግም ይላሉ። ይህ ብዙ ጊዜ ሉፕ ነው። ቤት ያጸዳ ሰው የወደቀ ኬብል አግኝቶ፣ በቅንነት፣ ሁለቱንም ጫፍ አንዱ ስዊች ላይ ሰክቶታል። መልእክቱ እየዞረ ይባዛል፣ መቆሚያ የለውም። ራዲያ ፐርልማን የተባሉ አሜሪካዊት መሐንዲስ በ1985 እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ለዚህ መፍትሔ ሠርተዋል፤ ስዊቾቹ እርስ በርስ ተነጋግረው ትርፉን መንገድ የሚዘጉበት ስልት ነው። ርካሾቹ ስዊቾች ግን አብዛኞቹ ይህ የላቸውም። ኬብሎቹን አንድ በአንድ መንቀል ነው መላው።

ማስተካከያው

ራውተሩ ገና ኢንተርኔት ሳይሰካበት፣ ላፕቶፕ በኬብል አገናኝተው ይጀምሩ። ፋብሪካው የሰጠውን የአስተዳዳሪ ፓስዎርድ መቀየር የመጀመሪያው ነው። ከውጭ ሆኖ መግባት የሚፈቅደው በር ይዘጋ። ያለ ፓስዎርድ በአንዲት ቁልፍ ከዋይፋዩ የሚያገናኘው ደብሊው ፒ ኤስም ይጥፋ። ዋይፋዩ ደብሊው ፒ ኤ ሦስት በሚባለው የዋይፋይ መቆለፊያ ስልት፣ ካልቻለ በደብሊው ፒ ኤ ሁለት ይቆለፍ። እንግዳ የራሱ መስመር ይኑረው፤ ሻይ ቤት ከሆነ ደግሞ ደንበኛው ካሽ ሬጅስተሩ ያለበት መስመር ላይ ምንም ጉዳይ የለውም።

ከዚያ ማስተካከያውን ሴቭ ማድረግ። ይህን የምለው ስለተቃጠልኩ ነው። አንድ ጊዜ ሰኞ ገበያ አካባቢ ለአንድ አነስተኛ ቢሮ ባለ 24 ፖርት ስዊች ተከልኩ። መስመሮቹን ከፋፈልኩ፣ ሒሳብ ክፍሉን ለየሁ፣ ሁሉም ሠራ። ሻይ ጠጥተን ተለያየን። በሦስተኛው ቀን መብራት ሄዶ መጣ፤ ስልኬም ጮኸ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ለተሰለፈው ሰው «ሲስተም የለም» ስትል በስልኩ ይሰማኛል። ሥራ አስኪያጁ «አብሽር፣ ቀስ ብለህ ና» አሉኝ። ድምፃቸው ግን ቀስ ብለህ ና አይልም። ስደርስ ስዊቹ በርቷል፣ ምንም አልሆነም። ውስጡ ግን ባዶ ነው። ብዙ ስዊቾች የምንሰጣቸውን ማስተካከያ ሴቭ እስክንል ድረስ መብራት ሲጠፋ በሚጠፋ ማህደር ላይ ነው የሚይዙት። እኔ ደግሞ ሴቭ አላልኩም። አሁን ሥራ ስጨርስ ባለቤቱ እያዩ ሶኬቱን እነቅላለሁ፤ መልሼ ሰክቼ እስኪነሳ እጠብቃለሁ።

የመጨረሻው ሥራ የስዊቹና የራውተሩ ሰዓት ነው። የሰዓት ክልሉ ፕላስ ሦስት ላይ ይደረግ። ከዚያ በካቢኔቱ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ የየፖርቱ ዝርዝርና የተተከለበት ቀን በዓመተ ምሕረት ይለጠፍ፤ ፓስዎርዱ እዚያ አይጻፍ። ዘበኛው «ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጠፋ» ካሉ ስዊቹ መዝገብ ላይ የሚፈለገው 03:00 ነው። 09:00 ላይ ሲፈልግ ያረፈደ ቴክኒሻን አውቃለሁ።